ፋሲካ የሌለው ጾም

ከአገር በወጣንበት ማታ እኔ ሻንጣ እዘጋለሁ፣ እናቴ ትከፍታለች። ዳቦ ቆሎ ትጨምራለች፣ ጭኮ ትጨምራለች፣ መልሼ ስዘጋው ደግሞ የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል ይዛ ትመጣለች። አውሮፕላኑ ውስጥ ምግብ ይሰጣሉ ብላት፣ "የነሱ ምግብ ልጅ ያጠግባል?" አለችኝ። ጎረቤቶቻችን በር ላይ ቆመው ያለቅሳሉ። ልጄ ምሕረት አራት ዓመቷ ነበር። አላለቀሰችም። ትንሽ ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ እንቁላሉን ታያለች።

ይህን የምጽፈው እዚያ ላላችሁ ዘመዶቼ፣ እዚህም እንደኔ ልጅ ይዛችሁ ለመጣችሁ እናቶች ነው። ስለ አሜሪካ ሌላው ሌላው ብዙ ተጽፏል። እኔ የማውቀው የአንዲት ልጅን ራብ ነው፤ እሱን እጽፋለሁ።

ምሕረት ስትወለድ ለቅሶዋ አይሰማም ነበር። ሰውነቷ እጄ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይዝለፈለፋል። ጡት ስሰጣት አፏ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ አትስበውም። ወተቴን እያለብኩ በማንኪያ፣ አንዳንዴም በጥጥ አንጠባጥብላት ነበር። ሐኪሞቹ ደካማ ናት፣ እያደር ትጠነክራለች አሉኝ። አባቷ የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከመንገድ ሲመለስ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ቀስ ብሎ ይገባና "ዛሬስ ጠባች?" ይለኛል። አንድ ጊዜ ሄዶ አልተመለሰም፤ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ምሕረት ያን ጊዜም ገና አልጠባችም ነበር።

እናቴ ለእመቤታችን ተሳለች። "ይህች ልጅ እንደ ሰው ልጅ ስትበላ ካየሁ ጃንጥላ አስገባለሁ" አለች። ምሕረት ሁለት ዓመት ካለፋት በኋላ መብላት ጀመረች። መጀመሪያ እንደ ልጅ በላች፣ ቆይታ ከልጅ በላይ በላች። እናቴ እልል አለች። ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ አሠርተን ቤተ ክርስቲያን ወሰድን፤ ጎረቤቱም አብሮን ሄደ። ልጄ ከእኔም ከአባቷም ትቀላለች፣ አሁን ደግሞ ወፈረች። ያያት ሁሉ ጉንጯን እየነካ "የእመቤታችን ስጦታ" ይላታል፣ ያጎርሳታልም። ጉርሻ መልሳ አታውቅም።

ኋላ ዲቪ ደረሰኝና ወጣን። አውሮፕላኑ ውስጥ የራሷን በላች፣ የኔን በላች፣ አጠገባችን የተቀመጡት ሽማግሌም ዳቧቸውን ሰጧት። የእናቴ ስንቅ ፍራንክፈርት ሳንደርስ አለቀ። አስተናጋጇ ባዶውን ሳህን እያየች "ጉድ ገርል" አለቻት፤ ጎበዝ ልጅ ማለቷ ነው። ምሕረት መጀመሪያ የለመደችው እንግሊዝኛ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳህን ባዶ ባደረገች ቁጥር ለራሷ "ጉድ ገርል" ትላለች።

ኦክላንድ የተቀበሉን አቶ ግርማና ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ናቸው። የእናቴ የድሮ ጎረቤቶች ናቸው፤ በሱዳን በኩል በስደት ከመጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። አቶ ግርማ ታክሲ ይነዳሉ። አንድ ክፍል አከራዩን፣ ወጥ ቤቱ የጋራ ነው። ከመስኮታችን የወደቡ ረጃጅም ክሬኖች ይታያሉ። በጋ ነው ተብሎ ጧት ጧት የሚወርደው ጉም የሐምሌን ብርድ ያስንቃል። በርክሌ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የጽዳት ሥራ አገኘሁ፣ በአውቶቡስ እመላለሳለሁ። እኔ ሥራ ስሄድ ምሕረትን እትዬ ብርቄ ይጠብቁልኛል። ልጅ የላቸውም። እንደ ራሳቸው ልጅ ያዩዋታል። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ያን ዘመን ያለ እነሱ አላልፈውም ነበር።

ምሕረት እዚህ ከመጣን በኋላ እየሰፋች ሄደች፣ ቁመቷ ግን አይጨምርም። እጆቿና እግሮቿ ትንንሽ ናቸው። ቆዳዋን እየቧጠጠች ታቆስላለች፣ ያመመኝ አትልም። አትሮጥም። በተገኘችበት ትተኛለች። ምግብ ሲነሳባት ግን ወለሉ ላይ ተዘርራ ትጮኻለች። እኛ ምእመናኑ የተከራየነው የጸሎት አዳራሽ ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ ዝክር ሲዘረጋ ከአንዷ ሴት ወደ ሌላዋ ትዞራለች፣ ለእያንዳንዷም "አልበላሁም" ትላለች። ሁሉም ያጎርሷታል፣ ለኔ ደግሞ "ልጅሽ አደገች፣ ተመስገን በይ" ይሉኛል። ተመስገን እላለሁ።

ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ አስተማሪዋ አስጠራችኝ። ምሕረት ሌሎች ልጆች የጣሉትን ከቆሻሻ መጣያው እያወጣች ትበላለች አለችኝ። ቤት ውስጥ ቁርስ እንዳለ ጠየቀችኝ። አለ አልኳት። ፊቴን አየችው፣ ልጄን አየቻት፣ ከዚያ ወደ ክሊኒክ ላከችን። ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ተላክን፤ መጨረሻ ላይ የዘር ሐኪም ወደሚባሉት ደረስን።

መዝገብ የምትሞላው ሠራተኛ ቀና ብላ አታይም።

"የአባት ስልክ?" አለችኝ።

"ሞቷል።"

"ቀን ቀን የሚገኝበት ስልክ ነው የጠየቅኩት።"

"ቀንም ማታም ሞቷል" አልኳት። አንድ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን ክሊኒኩ በደወለ ቁጥር የሟቹ ሚስት ነሽ ወይ ሳይሆን ባልሽ መቼ ይመቸዋል ነው የሚለኝ።

ዶክተሯ በዕድሜ የገፋች፣ ቀስ ብላ የምታወራ ሴት ናት። ልጄን መርምራ ስትጨርስ የተበታተነ የካርቶን ሥዕል አወጣችላት፣ እየገጣጠሙ የሚሠሩትን ዓይነት። ምሕረት ማንም ሳያሳያት ገጣጥማ ጨረሰችው። ከዚያ ዶክተሯ ገልብጣ በታተነችው፤ አሁን ሥዕሉ አይታይም፣ ግራጫው ጀርባ ብቻ ነው። ምሕረት ያንንም ገጠመችው። ዶክተሯ ፈገግ አላለችም። አንዳንድ ልጆች ይህን ይችላሉ አለችና ስትወለድ ትጠባ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እስከዚያ ቀን እዚህ አገር ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ደም ወሰዱላት።

ውጤቱ ሲመጣ አስተርጓሚ አቀረቡልኝ። ሄለን ትባላለች፣ በርክሌ የምትማር፣ ከአገር በልጅነቷ የወጣች ልጅ። አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው። ዶክተሯ ረጅም ተናገረች። ሄለን ሰማች፣ ወደኔ ዞረች። መልሳ ዶክተሯን ጠየቀቻት። "እናቴ ብትሆን እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ነው" አለችኝ።

እንደገባኝ እነግራችኋለሁ። ሰው የሰውነቱን ጽሑፍ የሚወርሰው ሁለት ሁለት አድርጎ ነው፣ አንዱን ከእናቱ አንዱን ከአባቱ። አብዛኛው ቦታ ላይ ሁለቱም ይሠራሉ። ጥቂት ቦታ ላይ ግን ሰውነት ከሁለቱ በአንዱ ላይ ትንሽ ምልክት ያደርግበታል። ሜቲል ይሉታል። ምልክቱ ያረፈበት ዝም ይላል። ጽሑፉ አልተፋቀም፣ አልተበላሸም፣ ግን አይነበብም። የልጄ በሽታ ባለበት ቦታ ላይ ምልክቱ የሚያርፈው በእናት በኩል በመጣው ላይ ነው። የኔም፣ የሄለንም፣ የዶክተሯም እንደዚያው ነው፤ የሚናገረው የአባት ብቻ ነው። የምሕረት ግን ከአባቷ ሊመጣ የሚገባው ቁራጭ ከጅምሩ ጎድሏል። ደሟን ሲመረምሩ ያገኙት ምልክት ያለበትን ብቻ ነው። በሽታውን የለዩትም በዚያ ነው። ፕራደር ዊሊ ይባላል።

"የኔ ድርሻ አለ?" አልኩ።

ሄለን ጠየቀቻት። "አለ" አለችኝ። "እርስዎ የሰጡት ሙሉ ነው። ግን ዝም ብሏል።"

"አይናገርም?"

ዶክተሯ አይናገርም በማለት ራሷን ነቀነቀች። ምልክቱን አንስቶ የእናትን ለማስነሳት የሚሞክሩ ሰዎች አሉ አለች፤ ገና ጅምር ነው፣ ለምሕረት የሚደርስ ነገር ግን ዛሬ የለንም አለች። እንዲህ ያለ ምልክት ያለቦታው መገኘቱ ወይም ከቦታው መጥፋቱ በሌሎች በሽታዎችም እየታየ ነው፣ በአንዳንድ ካንሰርም ጭምር፤ ሳይንሱ ራሱ ገና ልጅ ነው አለች። ከዚያ የማን ጥፋት ነው ብዬ ሳልጠይቃት ራሷ ነገረችኝ። የማንም አይደለም። እርጉዝ ሳለሁ የጾምኩት አይደለም፣ ያዘንኩት አይደለም፣ የአባቷም መንገድ አይደለም። አንዳንዴ እንዲሁ ይጎድላል አለች።

ይህን ሁሉ ሰማሁ። ያልቻልኩት ቀጥሎ ያለችውን ነው። በሕፃንነቷ አለመጥባቷም አሁን አለመጥገቧም አንድ በሽታ ነው አለች። መጀመሪያ መብላት አይችሉም፣ ኋላ ማቆም አይችሉም። ጠገብኩ የሚለው መልእክት አንጎሏ ዘንድ አይደርስም። በልታም ይርባታል፣ ሕይወቷን ሙሉ ይርባታል። ቤት ውስጥ ያለው ምግብ ሁሉ ካልተቆለፈ በልታ በልታ ትሞታለች፤ ወይ ልቧ፣ ወይ ሆዷ። እነዚህ ልጆች አያስታውኩም፣ ሕመምም ብዙ አይሰማቸውም፤ አንድ ቀን ካስታወከች ሳትውል ሳታድር አምጪያት አለችኝ።

እኔ ጃንጥላውን አሰብኩ። እናቴ የለመነችው፣ የተሰጣትም፣ ያመሰገነችበትም የበሽታው ሁለተኛ ክፍል ነበር። አውቶቡስ ላይ ሆኜ ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርኩና የዕለት እንጀራችን የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ምሕረት ትከሻዬ ላይ ተደግፋ "ራበኝ" አለች። ልክ እንደ ትናንቱ ነው ያለችው።

በዚያ ሳምንት ፍሪጁንና ቁም ሳጥኑን ልቆልፍ ፈቃድ ጠየቅሁ። አቶ ግርማ ቁልፉን ይዘው አገላብጠው አዩት።

"ለማን ነው? ለኔ ነው ለብርቄ?"

"ለምሕረት ነው።"

"በልጅ ላይ ምግብ ይቆለፋል? እኛ ሱዳን ካምፕ ሳለን እንኳ አልቆለፍንም።"

"ምን ነበረህና ትቆልፋለህ?" አሉ እትዬ ብርቄ። ሦስታችንም ሳቅን። ያን ወር የሳቅሁት ያኔ ብቻ ይመስለኛል። አቶ ግርማ ራሳቸው በመሮ በስተው ቁልፎቹን ገጠሙልኝ።

ብዙም አልቆየ፣ ምሕረት ትምህርት ቤት "እናቴ ምግብ ትቆልፋለች" ብላ ተናግራ ኖሮ ከመንግሥት የተላከች ሴት መጣች። ቁልፉን አየች፣ ጻፈች። በዚህ አገር ከልጅ ምግብ መከልከል ወንጀል እንደሆነ ነገረችኝ። ሐኪሟ ጋ ደውዪ አልኳት። ወጥታ ደወለች፣ ተመልሳ መጣች፣ ቁልፉን ይዛ ነቀነቀችው። "ይሄ ደካማ ነው፤ ጠንካራ ያስፈልግሻል" አለች። "የቆሻሻ ቅርጫቱስ ለምን አልተቆለፈም?" ጧት ጨካኝ እናት ነበርኩ፣ ከምሳ በፊት ልል እናት ሆንኩ። ስትወጣ ግን እጄን ጨብጣ ያዘችኝ፣ ሌላም ምንም አላለችም። ያን አልረሳውም።

እትዬ ብርቄ በሽታውን ነግሬያቸው ነበር። እሺ ብለዋል፣ መስቀል ስመው እሺ ብለዋል። ግን እሳቸው ራብ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ በእግር ሱዳን የገቡ። ልጅ ዓይናቸው ሥር ቆማ "ራበኝ፣ እማማ ብርቄ" ስትል የበሽታ ስምና ምርመራ ምንም አይመስላቸውም። ለኔ ሳይነግሩኝ አንድ ሐሳብ አሰቡ። ይህች ልጅ እስክትጠግብ አብልቷት የሚያውቅ የለም፤ ሁሌ እየጀመረች ይነሳባታል፤ አንድ ቀን እስክትጠግብ ብትበላ ይለቃታል ብለው አሰቡ።

የጥምቀት ሰሞን ነው፣ ቅዳሜ፣ እኔ ሥራ ነኝ። ለማኅበር የተሠራ ዶሮ ነበር፣ ዳቦ ነበር። እትዬ ብርቄ ምሕረትን አጠገባቸው አስቀምጠው እያጎረሱ አዋሏት።

ስመለስ በር ላይ ተቀበሉኝ፣ ፊታቸው በርቷል። "ነይ እዪ" አሉኝ። "ልጅሽ ጠገበች። ራበኝ ማለት ትታለች።"

ገባሁ። ምሕረት ሶፋው ላይ ቁጭ ብላለች። እንደገባሁ ሁልጊዜ "ምን አመጣሽ?" ትለኛለች፤ ዝም አለች። ሆዷን ነካሁት፣ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። አመመሽ ወይ ብላት አላመመኝም ብላ ራሷን ነቀነቀች። እዚያው አስታወከች፤ ትንሽ፣ ጉንጯን ያልሞላ። ስታስታውክ አይቻት አላውቅም። አቶ ግርማን ጠራሁ፣ በታክሲያቸው ይዘውን ሮጡ። ቀይ መብራት ላይ አልቆሙም። እትዬ ብርቄ ኋላ ወንበር ላይ "ኧረ ጠግባ ነው፣ ጠግባ ነው" ይላሉ፣ ድምፃቸው እያነሰ ሄደ።

በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብተው ሆዷን አቀለሉላት። ጨጓራዋ ሊቀደድ ተቃርቦ ነበር፤ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አንደርስባትም ነበር አሉኝ። ሐኪም ቤት ተኛች። እኔ አጠገቧ ወንበር ላይ ሆኜ ዳዊት እደግማለሁ። ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ውስጤ ምንም የለም። እንዲህ ዓይነት ጸሎት ይቆጠር እንደሆነ አላውቅም።

በማግስቱ እትዬ ብርቄ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በነጠላው ሥር ቴርሞስ ይዘዋል። ለታማሚ ጥየቃ ባዶ እጅ አይኬድምና አጥሚት አፍልተው ነው የመጡት። ቱቦውን አዩ፣ ቴርሞሱን አዩ፣ የት እንደሚያስቀምጡት ጠፋቸው።

"ርቦኛል ስትለኝ ምን ላድርግ?" አሉኝ።

"ሁልጊዜ ይርባታል፣ እትዬ።"

"እኔ መግደሌ ነበር?"

"ማጥገብዎ ነበር" አልኳቸው። ተቀምጠው አለቀሱ። ቴርሞሱን ከእጃቸው ተቀብዬ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ራሴ ጠጣሁት። ርቦኝ ነበር።

ከሐኪም ቤት ከወጣን በኋላ አባ ተክለ ማርያም ዘንድ ሄድኩ። ቀን ቀን የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ፣ እሁድ የሚቀድሱልን ካህን ናቸው። እንዲህ አልኳቸው፤ አባ፣ በሽታ ነው ብዬ ለሁሉም ተናግሬያለሁ፣ ሁሉም አዝኖልኛል፣ ሁሉም ዞር ስል ያጎርሳታል። ቤተ ክርስቲያን መምጣት ላቆም ነው። አባም እሁድ ይዘሻት ነይ አሉኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ማዕዱ ሳይነሳ ምሕረትን እጇን ይዘው ፊት ለፊት አቆሟት።

"ጾመኛ እንግዳ ቤታችሁ ቢመጣ ሥጋ ታቀርቡለታላችሁ?" አሉ።

"አናቀርብም" አለ ሰው።

"ይህች ልጅ ጾመኛ ናት። ከእናቷ እጅ በልክ ትቀበላለች። ከሌላ እጅ መብል ለእሷ ጾም ማስገደፍ ነው።"

አንዲት ሴት ከኋላ፣ "አባ፣ ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጅ ትጾማለች እንዴ?" አለች።

"እኛ አላዘዝንባትም፤ ይዛው ተወለደች።"

"መቼ ነው የምትገድፈው?"

አባ ወደ ልጄ ዞሩ። "ይህን እኔ አላውቅም" አሉና መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉ።

በሽታ ያልኩት ያልሠራውን ጾም የሚለው ቃል ሠራው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አላጎረሳትም። ምሕረት እንደ ልማዷ ስትዞር ሴቶቹ እጃቸውን ይሰበስባሉ፣ "ጹሚ የኔ ቆንጆ" ይሏታል፣ አንዳንዶቹም ይስሟታል። መሳሟን ወደደችው። ዓቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ለኔ ዕረፍት ሆነ። ሁሉም ሰው ይርበዋል፣ ሁሉም ሰው ሰዓት ይጠብቃል። ልጄ እንደ ሰው ሁሉ ሆነች። አውቶቡስ ላይ "ኤቭሪባዲ ኢዝ ሀንግሪ?" ብላ ጠየቀችኝ፤ አማርኛ እየሰማች በእንግሊዝኛ መመለስ ጀምራለች። ሁሉም ርቦታል አልኳት። ደስ አላት።

በዚያ ጾም መሐል ወደ ሳን ሆዜ ዞርን። ክሊኒኩ ውስጥ የተዋወቅኋት ማርታ የምትባል የሜክሲኮ ሴት ቤት አገኘችልኝ፤ ትንሽ ነው፣ ግን ወጥ ቤቱ በር አለው፣ በሩም ይቆለፋል። የማርታ ልጅ ሁልጊዜ ይስቃል፣ አይናገርም፣ እጆቹን እንደ ክንፍ ያወዛውዛል። በሽታው እዚያው ቦታ ላይ ነው፣ ግን የሱ የጎደለው ከእናቱ የመጣው ነው፤ የአባቱ ነው ዝም ያለው። የሁለታችን እንግሊዝኛ ተደምሮ አንድ አይሞላም። ይህን ግን በጣት እያሳየን ተግባባን። እሷ እናት ሆና አጠገቡ ቁጭ ብላለች፣ እዚያ ቦታ ላይ ግን የለችም። እኔ አለሁ፣ አልናገርም። ብዙ ጊዜ ሳናወራ አብረን እንቀመጣለን።

ሳን ሆዜ ከኦክላንድ ይሞቃል። በየግቢው ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ፕለም ነው፤ ከአጥሩ አልፎ መንገድ ላይ ይወድቃል። እናንተ እዚያ ሆናችሁ ይህን ስትሰሙ ገነት ይመስላችኋል። እኔ ልጄን ይዤ ስሄድ ዛፍ የሌለበትን መንገድ እመርጣለሁ።

ለእናቴ እስከዚያ አልነገርኳትም ነበር። በደወልኩ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ትበላለች?" ነው። ትበላለች እላታለሁ። ውሸት አይደለም። የምሕረትን ነገር ለሰፈሩ ሁሉ ተአምር ብላ ታወራለች፤ ልጁ የማይበላለት ሰው እሷ ዘንድ ይመጣል፣ እሷም ያንን ጃንጥላ እየጠቀሰች ታጽናናዋለች። ያንን ከእጇ ልወስድባት አልቻልኩም።

የትንሣኤ ሌሊት አቶ ግርማ ሳን ሆዜ ድረስ መጥተው ወሰዱን። ቅዳሴው ሲያልቅ ሴቶቹ የሚገደፍበትን ምግብ ይዘው ወደ ሌላ ክፍል ገቡ፣ በሩንም ዘጉ። ከልጄ ተደብቀው ገደፉ። እትዬ ብርቄ አልገቡም። ምሕረትን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዶክተሯ ጋ የገጠመችውን ዓይነት ካርቶን ከጀርባው አብረዋት ገጠሙ።

ጧት ቤታችን ሆነን ለእናቴ ደወልኩ። እዚያ እሁድ እየመሸ ነው። እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን። "ገደፋችሁ?" አለችኝ።

"እኔ ገደፍኩ" አልኳት።

"ምሕረትስ?"

ያኔ ነገርኳት። ሜቲሉን አልነገርኳትም። ራቧ በሽታ መሆኑን፣ ከሞት ለጥቂት እንደተረፈች፣ ከእንግዲህ በልክ ብቻ እንደምትበላ ነገርኳት። ጃንጥላውን አላነሳሁም። አንዳችንም አላነሳነውም።

"ትጾማለች በይኛ" አለች እናቴ።

"አዎ።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ መጨረሻው፣ እማዬ።"

መስመሩ ላይ የሌላ ሰው ንግግር ከሩቅ ይሰማል። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። "ስጫት ስልኩን" አለችኝ።

ምሕረት ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። አያቷን የምታስታውሳት በእንቁላሉ ነው። ሰላም ሳትል በአማርኛ "እምዬ፣ ዛሬ ምን በላሽ?" አለቻት።

እኔ አጠገቧ ስለቆምኩ የእናቴ ድምፅ ይሰማኛል። በበዓል ቀን ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ምን ይዞላት እንደሚመጣም አውቃለሁ። በትንሣኤ ደግሞ መጾም እንደማይፈቀድ እኔም እሷም እናውቃለን።

"ገና አልገደፍኩም፣ ልጄ" አለቻት። "አንቺን እየጠበቅሁ ነው።"

ምሕረት ወደኔ ዞረች። "ማሚ፣ ሺ ኢዝ ሀንግሪ ቱ" አለችኝ፤ እሷም ርቧታል ማለቷ ነው። ፊቷ ላይ ያየሁትን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። ከዚያ የስልክ ካርዱ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ መደወል እችል ነበር፣ ሌላ ካርድ አለ። እውነትሽን ነው ወይ፣ በልተሻል ወይ ብዬ ልጠይቃት እችል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ ተነጋግረናል፣ አልጠየቅኋትም። እሷም "ትበላለች?" ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

ማታ ማታ ወጥ ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ ከማተቤ ጋር አስራለሁ። ከዚያ እጸልያለሁ። ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ፤ ልጄ በሕይወት አለች፣ ቤት አለን፣ ሰዎች አሉን። ከዚያ በኔ በኩል ያለውን፣ ዝም ያለውን ያናግርልኝ እላለሁ። ምሕረት ተኝታ ሆዷ ሲጮህ ከወዲህ ይሰማኛል።